የጓሮ አፈርና እርሳስ፤ የት ምን እንትከል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል በዚህ ሰሌዳ እንዲወጣ የተደረገ)



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ ጓሮ ነው። «ለጉኑኖ ሰው ደግሞ ስለ ጓሮ ማን ያስተምራል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። እንሰት መትከልን፣ ቦይና መኮትኮትን ልናስተምር አልተነሣንም። የተነሣነው ባለፈው ስብሰባ አብረን የወሰንነውን፣ ኋላ ግን ኮሚቴው ብቻውን ያስቆመውን ሥራ በተመለከተ መልስ ለመስጠት ነው።

እንደምታስታውሱት ከገበያው በታች ያለውን የማኅበሩን ባዶ ቦታ ከፋፍለን፣ ጓሮ ለሌላቸው አባላት ለጎመን፣ ለሰላጣና ለካሮት እንዲውል ተስማምተን ነበር። ዕጣም ወጣ፤ ችካልም ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ግን ኮሚቴው «ቁፋሮው ይቁም» አለ። በዚህም ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። አንዲት እናት «መሬቱን ሰጥታችሁ መልሳችሁ ነጠቃችሁን፤ ለልጆቼ ጎመን ከየት ላምጣ?» ብለው ፊት ለፊት ተናግረውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ንግግር ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ላዘናችሁ ሁሉ የምንሰጠው መልስ ነው።

ቁፋሮው ለምን ቆመ?

ቦታው ከዓመታት በፊት የመኪናና የሞተር ብስክሌት መጠገኛ እንደነበረ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያላወቅነው፣ አውቀንም ቁም ነገር ያላልነው፣ በታችኛው ጥግ አሮጌ ባትሪ ይሰበር እንደነበረ ነው። የመጀመሪያው መደብ ሲቆፈር የባትሪ ልባስ ስብርባሪና አመድ የመሰለ ግራጫ ጭቃ ወጣ። በዚያው ቀን አንድ አባት «እዚህ ጥግ ላይ እኮ ነው ጥጃዬ ያንን ጭቃ ልሳ የሞተችው፤ ያኔ በሽታ ነው ብለን ተውነው» አሉን። እኛም ደነገጥን። ባትሪ ያለበትን መሬት የላሰ ከብት እንደሚሞት የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ነው። ከብት የገደለ አፈር ላይ ለልጅ ጎመን አይተከልም።

አንድ ነገር ደግሞ እንናዘዝ። ከእኛ ከኮሚቴው አባላት መካከል ሁለታችን፣ ቁፋሮው ሲጀመር «አፈሩ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው» ብለን በማዳበሪያ ከረጢት ወደየጓሮአችን ወስደን ነበር። ጥቁረቱ የፍግ ሳይሆን የተቃጠለ ዘይትና የጥላሸት ነበር። የወሰድነውን አፍሰን መልሰናል። ነገሩን የምንነግራችሁ ከእናንተ የተሻለ ዐዋቂዎች እንዳልሆንን እንድታውቁ፣ እንዲሁም ሌላ የወሰደ ሰው ካለ ሳያፍር እንዲመልስ ነው።

እርሳስ ምንድን ነው?

እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። የተማሪው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘር ነው፤ መርዝም አይደለም። እኛ የምንለው ከባዱን፣ ለስላሳውን፣ በትንሽ እሳት የሚቀልጠውን ግራጫ ብረት ነው። በመኪናና በሞተር ባትሪ ውስጥ፣ በአንዳንድ ትልልቅ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎች ውስጥ፣ በብየዳ ቆርቆሮ ውስጥና በአንዳንድ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ይገኛል። ቀደም ሲል ቤንዚን ውስጥም ይጨመር ነበር። ከሰሐራ በስተደቡብ ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 1998 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አቁመዋል፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2013 ዓ.ም. አቆመች። ስለ ቀለምም በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ወጥቶ፣ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል።

ታዲያ «ቆሟል ካላችሁ ምን አስጨነቃችሁ?» ትሉን ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እርሳስ አይበሰብስም፣ አይተንም፣ በዝናብ ታጥቦም ወደ ውስጥ ብዙ አይሰርግም። ፍግ በአንድ ሁለት ክረምት ይበሰብሳል፤ እርሳስ ግን ዛሬ የወደቀው የልጅ ልጆቻችን በሚቆፍሩበት ጊዜም በላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ይገኛል። ባትሪ ሰባሪው ቦታውን ለቆ ከሄደ ዘመን ቢቆጠርም ሥራው አልሄደም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ 10 ኪሎ ያህል እርሳስ አለ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ጓሮ እናስብ። የሚቆፈረው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን 20 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል፤ ይህም ሲደርቅ 24 ሺህ ኪሎ ያህል ይመዝናል። አሥሩ ኪሎ እርሳስ በሙሉ በዚህ አፈር ላይ እኩል ቢበተን በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ይገባል። ምንም ያልነካው አፈር በተፈጥሮው የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ልጆች ለሚጫወቱበት የመኖሪያ ቤት አፈር ለብዙ ዓመታት 400 ሚሊ ግራምን የማስጠንቀቂያ ወሰን አድርጎ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ አንድ ባትሪ ብቻውን አንድ ጓሮ ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው። ሰባሪው ሰሌዳውን ሸጦት ይሆናል፤ መሬት ላይ የሚቀረው ጭቃውና አሲዱ ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጥግ የተከማቸ እንጂ እኩል የተበተነ ስላልሆነ በዚያ ጥግ ብርቱ ነው።

ወደ ሰው የሚገባው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን የሚመስለን ተክሉ መርዙን በሥሩ መጥጦ በፍሬው እንደሚያበላን ነው። ዋናው መንገድ ግን እርሱ አይደለም። እርሳስ ከሸክላ አፈርና ከበሰበሰ ፍግ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ተክል የሚስበው ጥቂቱን ነው። ዋናው መንገድ አፈሩ ራሱ ነው፦ ከልጅ እጅ ወደ አፍ፣ ከጫማ ወደ ምንጣፍ፣ በጎመን ቅጠል ላይ ተረጭቶ የቀረ ጭቃ፣ ባልተላጠ ድንች ላይ የቀረ አፈር። ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም መከላከያው አብዛኛው በእጃችን ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ልጆች ናቸው። አንድ ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። ባዶ ሆድ ሲሆን፣ ብረትና ካልስየም ያለው ምግብ ሲጎድለው ደግሞ ይብሳል። ወደ ደም የገባው ቀስ ብሎ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ እዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። እናቶች ይህን ልብ በሉ፦ በእርግዝና ጊዜ አፈር የሚያምራቸው እኅቶች አሉ፤ ከእንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት አፈር መቅመስ ለራስም ለልጅም መርዝ ነው።

ክፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያደርቃል፣ ደም ያሳንሳል፤ እጅግ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። በትንሹ ሲሆን ግን ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል፤ ነገር ግን ትምህርት አልገባው ይላል፣ ልቡ አይሰበሰብም። እኛም «ሰነፍ ነው» ብለን እንቆጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ ከአንድ ሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ከሦስት ልጆች አንዱ፣ ማለትም እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለባቸው ገልጿል። አብዛኞቹም እንደ እኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

በሌላው የደረሰ

«ይህ የትልቅ ከተማና የፋብሪካ ነገር ነው፤ ጉኑኖ ምን አገባት?» የሚል ካለ ሦስት ነገር እንንገረው።

አንደኛው የጅማ ነው። በጅማ ከተማ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በሠራተኞቹ ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ጋራዥ ከማይሠሩት ሰዎች እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልገውም፤ ተራ ጋራዥ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር ብዙ ገበሬዎች የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ በሚገባበት ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ እያጠጡ ሲያመርቱ ቆይተዋል። ዶክተር ፍሥሐ ኢታና በከተማዋ የሚመረቱትን ቅጠላ ቅጠሎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረታ ብረት እንደሚይዝ አመልክተዋል። የምንተክለው ነገር ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛውን ስንሰማ ሁለታችን የኮሚቴ አባላት እንቅልፍ አጥተናል። በሴኔጋል፣ በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሠፈር ሰዎች ለዓመታት አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ይሸጡ ነበር። ቅሪቱ ከአሸዋው ጋር ተቀላቀለ። ኋላ የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ነዋሪዎች አሸዋውን በከረጢት እየሞሉ ወደየቤታቸው ወስደው ማበጠር ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ላይ የሞቱበት ምክንያት አልታወቀም ነበር። በከረጢት ወደ ቤት ማለቱን ልብ በሉ! እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። የእኛ ጥግ እንደ ቲያሮይ ከፍቷል እያልን አይደለም፤ ተለክቶ ሳይታወቅ ግን ልጅ አንልክበትም።

የእኛ ጓሮ ልዩ ጠባይ

የወላይታ ጓሮ እንዴት እንደሚወፍር ሁላችንም እናውቃለን። በቤቱ ዙሪያ ያለው፣ ዳርኳ የምንለው መሬት የሚወፍረው ከቤት በሚወጣው ነው፦ የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ ማንም አይንቀው። ነገር ግን የዛሬ ጥራጊ የድሮ ጥራጊ አይደለም። በድሮው ጥራጊ ውስጥ ባትሪ አልነበረም፤ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ጎማ፣ የብየዳ ቅሪት አልነበረም። ጓሮአችንን ያበለጸገው ያው መንገድ ዛሬ መርዝም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀለም የተቀባ እንጨት ያነደዳችሁበትን አመድ፣ ቆሻሻና ፕላስቲክ የተቃጠለበትን አመድ ከእንሰት ሥር አታፍስሱ። የንጹሕ ማገዶ አመድ ግን ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ቀጥለን እናያለን።

ሌላው ጠባያችን ቁልቁለት ነው። ይህን ለጉኑኖ ሰው መንገር ቀባሪን እንደ ማርዳት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እዚሁ ጉኑኖ ጣቢያ ከፍቶ፣ ከማሳ በጎርፍ የሚሄደውን አፈር ሲለካና እርከን ሲሞክር እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከላይ የሚሄደው አፈር የትም አይጠፋም፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጓሮ ውስጥ፣ ከዚያም ጅረት ውስጥ ይገባል። እርሳስም ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ የተበላሸን ቦታ ማሰር የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከበታቹ ላለው ጎረቤት የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሦስተኛው የቀይ አፈራችን ጠባይ ነው። የወላይታ ቀይ አፈር አብዛኛው ኮምጣጣ ነው፤ በኮምጣጣ አፈር ደግሞ እርሳስ ይላላል፣ ተክልም በቀላሉ ይስበዋል። ኖራና የንጹሕ እንጨት አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳሉ፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ እርሳሱን ይዞ ያስራል፣ አፈሩንም ያበዛዋል። ይህ መርዙን አያጠፋውም፤ እጅና እግሩን ያስረዋል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ የመሬታችሁን ታሪክ ጠይቁ። ከመትከል በፊት «እዚህ ቦታ ላይ ቀድሞ ምን ነበር?» ብሎ አንድ ሽማግሌ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ጋራዥ፣ ባትሪ መሙያ፣ ብየዳ ቤት፣ ቆሻሻ ማቃጠያ፣ ቀለሙ የሚረግፍ አሮጌ ቤት ከነበረ ተጠንቀቁ። ከቤት ግድግዳ ሥር ቀለም በረገፈበት ቦታ ቅጠል አትዝሩ።

2ኛ/ በምታጠራጥር መሬት ላይ የምትተክሉትን ምረጡ። ፍሬያቸው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያፈራ ይሻላል፦ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቡና፣ በቆሎ፣ በእንጨት ላይ የሚወጣ ባቄላና ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ቅጠላ ቅጠል፣ ማለትም ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ፣ አቧራና ጭቃ ስለሚይዝ አይመከርም። ሥራ ሥር፣ ማለትም ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ቦይና፣ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚያድግ ከሁሉ የባሰ ነው። ለእንሰትም ቢሆን አሚቾው መሬት ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ከዚህም በላይ የቆጮ ጉድጓድ በእንዲህ ያለ ቦታ ፈጽሞ አይቆፈር፤ እንሰት የሚፋቅበትም ስፍራ አይሁን። መብላላት እርሳስን አያጠፋም።

3ኛ/ ቅጠል የግድ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ዙሪያውን ድንጋይ ወይም ግንድ ደርድሩ፤ ከሥሩ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ፤ በላዩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ አፈርና ብስባሽ ሙሉ። አፈሩን ከመንገድና ከጥገና ቦታ ከራቀ ማሳ አምጡ። በተክሎቹ መካከል ሣር ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ብታነጥፉ ዝናብ ሲመታ ጭቃው ወደ ቅጠሉ አይረጭም።

4ኛ/ በማጠብ አትሰልቹ። ቅጠል በሁለትና በሦስት ውኃ ይታጠብ፤ የውጪው ቅጠል ይጣል፤ ሥራ ሥር ይታጠብና ይላጥ። ከጓሮ የወጣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ሕፃን አያቅፍ፣ ጫማውንም ደጅ ያውልቅ። ቤት ሲጠረግ ውኃ ይረጭ። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ባዶ ሆዳቸውን አይዋሉ። ወተት፣ ባቄላ፣ ከንጹሕ መሬት የመጣ ጎመን የሚያገኝ ልጅ ሰውነቱ እርሳስ የሚቀበለው በመጠኑ ነው።

5ኛ/ ዶሮዎችን አትርሱ። ዶሮ ቀኑን ሙሉ አፈር ስትጭር ትውላለች፤ በተበላሸ መሬት የምትጭር ዶሮ በእንቁላሏ ውስጥ እርሳስ ታስተላልፋለች። ከዚያ ጥግ አርቋት።

6ኛ/ ባትሪ አይሰበር፣ አይቃጠል፣ በቤት ውስጥ አይቅለጥ። ያረጀ ባትሪ ቀጥ ተደርጎ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ዝናብ በማይመታው ቦታ ይቀመጥና ሳይሰበር እንዳለ ይሸጥ። ለቆራሌው ስትሰጡም በደጃችሁ ላይ አሲዱን እንዲደፋ አትፍቀዱለት። «ቀላል ይሁንልኝ ብዬ ነው» ቢላችሁ የሚቀለው ለእርሱ፣ የሚከብደው ለእናንተ ነው።

የተነሡ ጥያቄዎች

ንግግሩ ከመዘጋጀቱ በፊት ሰዎች የጠየቁንን ሦስት ነገር እንመልስ።

«ሲቀቀል አይጠፋም ወይ?» አይጠፋም። እሳት ተሕዋሲያንን ይገድላል፤ እርሳስ ግን ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ በማሰሮ ውስጥ አይሞትም።

«አባቶቻችን ከዚሁ መሬት በልተው መቶ ዓመት ኖሩ፤ እኛን ምን ነካን?» አባቶቻችን የበሉበት መሬት ባትሪ አልተሰበረበትም። ደግሞም የጉኑኖ ጓሮ ሁሉ ተበላሽቷል አላልንም። በመንገዳችን መኪና በብዛት ሲመላለስ የኖረ ስላልሆነ፣ በትልልቅ ከተሞች አውራ ጎዳና ዳር እንደሚፈራው ያለ የቆየ የቤንዚን እርሳስ እዚህ ያን ያህል አያሰጋንም። ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ጓሮ ያለው ሰው ያለ ሥጋት ይትከል፣ ይብላ። ጎመን መተው ራሱ ጉዳት ነው፤ ሰው ፈርቶ ጓሮውን ቢተው ይህን ንግግር ባላደረግነው ይሻል ነበር።

«አፈሩን በዓይን አይተን ማወቅ እንችላለን?» አንችልም። የተበላሸ አፈር ላይ ጎመን ለምልሞ ሊበቅል ይችላል። የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው። ለማዳበሪያ ተብሎ የሚደረገው የተለመደ የአፈር ምርመራ ኮምጣጣነትን፣ ፎስፈረስንና የመሳሰለውን እንጂ እርሳስን አይለካም፤ ስለዚህ «እርሳስ ይለካልን» ተብሎ በስሙ መጠየቅ አለበት። ናሙናው የሚወሰደው እንዲህ ነው፦ ከቦታው ከአሥር ነጥብ፣ ከላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ፣ በንጹሕ ባልዲ ተቀላቅሎ፣ በጥላ ደርቆ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል በንጹሕ ከረጢት ይገባል። የታችኛው ጥግ ናሙና ለብቻው፣ የላይኛው ለብቻው ይሁን፤ ከተቀላቀሉ ምንም አይነግሩንም።

በዚያ ጥግ ልጃቸው ሲጫወት የነበረ ወላጆች ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ልጄ ባትሪ በተሰበረበት ቦታ ይጫወት ነበር» ብለው ለባለሙያው ይንገሩ። ካልነገሩት ሐኪሙ የሆድ ቁርጠቱን የትል ነው ሊለው ይችላል።

ስለ ማኅበሩ ቦታ የቀረበ ሐሳብ

ለውሳኔ የምናቀርብላችሁ የሚከተለው ነው።

ሀ/ የታችኛው ጥግ አይቆፈር፣ አይታረስ። በንጹሕ አፈር ተሸፍኖ ደሾ ሣር ይተከልበት፤ ከበታቹ እርከን ይሠራ፤ ዙሪያው ይታጠር። ሣሩም ለከብት አይታጨድ።

ለ/ የላይኛው ክፍል የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ሙዝና አቮካዶ ይተከልበት። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ በወጣው ዕጣ መሠረት መደቡ ለባለ ዕጣዎቹ ይመለሳል፤ ዕጣው አይሰረዝም። ውጤቱም ጥሩ ይሁን መጥፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዳለ ይለጠፋል።

ሐ/ እስከዚያው ዕጣ የደረሳቸው አባላት እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ሰፊ ጓሮ ያለን ሁላችን፣ ከኮሚቴው አባላት ጀምሮ፣ ለአንድ ወቅት ሁለት ሁለት መደብ እናውሳቸው። ደቦ ወጥተን ቤት የምንሠራ፣ ለቅሶ የምንደራረስ ሰዎች ሁለት መደብ መሬት አይከብደንም። የመጀመሪያውን መደብ አፈር በከረጢት የወሰድነው ሁለታችን ሰጥተናል፤ ለዚያች «ለልጆቼ ጎመን ከየት ላምጣ» ላሉን እናት ነው። ጎመኑም በቅሏል።

የተከበራችሁ አባላት፤ መሬት ዕዳ አትረሳም። ያበላናትን መልሳ ታበላናለች፤ ፍግ ብንሰጣት እንሰት፣ መርዝ ብንሰጣት መርዝ ትመልሳለች። ባትሪውን የሰበረው ሰው ክፉ ስለነበረ አልሰበረውም፤ የሚነግረው ስላልነበረ ነው። እኛ ግን ከዛሬ ጀምሮ አላወቅንም ማለት አንችልም። በተረፈ በሐሳቡ ላይ ያላችሁን አስተያየት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንድትሰጡን፣ መደብ ለማዋስ የምትፈቅዱም ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እናሳስባለን።



የማኅበሩ የልማትና የጤና ኮሚቴ፣ ጉኑኖ